አባቴ የተስማማ ዕለት

አባቴ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቁልፍ ይሸጣል። ሱቁ ከመናኸሪያው ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በግራው ልብስ ሰፊ፣ በቀኙ ወፍጮ ቤት አለ። የከተማው ሰው ወደ እሱ የሚሄደው ዕቃው ጥሩ ስለሆነ ነው እንጂ ሰውየው ስለሚመች አይደለም። አባቴ ከሰው ጋር የማይስማማ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ አይሳደብም፤ ድምፁንም ከፍ አያደርግም። ብቻ አንድ ሰው ሲናገር ከሰማ፣ ነገሩ በሌላ በኩልም ሊታይ እንደሚችል ሳያስረዳ ማለፍ አይሆንለትም።

ሚስማር ልግዛ ብሎ የመጣ ሰው መጀመሪያ ምን ሊሠራ እንደሆነ ይጠየቃል። አጥር ላጥር ነው ካለ፣ ለአጥር የሚሆነው ይሄኛው ሳይሆን ያኛው መሆኑ ይነገረዋል። እሺ ያኛውን ስጠኝ ካለ ደግሞ፣ "ቆይ እስቲ፣ አጥሩን ለምን በዚያ በኩል አደረግኸው?" ይባላል። አንዳንዱ ተናዶ ባዶ እጁን ይወጣል። ግን ተመልሶ ይመጣል፤ ሌላ ሱቅ እንዲህ ልብ ብሎ የሚከራከረው ሰው አያገኝማ።

ቤት ውስጥም ያው ነው። ራዲዮኑ ነገ ይዘንባል ሲል አባቴ "የት?" ይለዋል። እናቴ አብራው መኖር የቻለችው የራሷ ዘዴ ስላላት ነው፤ የምትፈልገውን ገልብጣ ትናገራለች። ለአረፋ በግ እንዲገዛ ከፈለገች "ዘንድሮስ በጉን ብንተወው ምናለ" ትላለች። በማግስቱ ግቢያችን ውስጥ በግ ይጮሃል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው በመስማማት ታዋቂ የሆነው።

ነገሩ የጀመረው በረመዳን ነው። በዋናው መንገድ ዳር ያሉ ሱቆች በራቸውን በሙሉ አንድ ዓይነት አመድማ ቀለም እንዲቀቡ ሐሳብ ቀረበና ባለሱቆቹ ለስብሰባ ተጠሩ። የአባቴ በር አረንጓዴ ነበር። ራሱ ነው የቀባው፤ ፊደሎቹንም በቢጫ የጻፋቸው ራሱ ነው፤ "ቆርቆሮ" በሚለው ላይ አንዱ "ቆ" ከሌሎቹ ትንሽ ይወፍራል። ጥሪው ከደረሰው ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ስናፈጥር ንግግሩን ያሰማን ጀመር።

"አንደኛ" ይላል ቴምሩን በእጁ ይዞ፣ "አመድማ ቀለም ክረምት ላይ ጭቃውን ጉልህ አድርጎ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ከገጠር የሚመጣው ሰው የሚቀጣጠረው 'አረንጓዴው በር ጋ' እየተባባለ ነው። በሩ ሁሉ አንድ ከሆነ ሰው የት ይገናኛል?"

ሦስተኛው ነጥብ በየቀኑ ይለዋወጥ ነበር። እኔም አንድ ማታ ሁለተኛው ነጥብ ጥሩ ነው አልኩት።

"ጥሩስ አይደለም" አለኝ። "ግን ይሠራል።"

የስብሰባው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጾሙ በሚከብድበት ሰዓት፣ የከተማው አዳራሽ ሄዶ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቀድሞ እጅ ለማውጣት ነው። አጠገቡ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ተቀመጠ። ልብስ ሰፊው ክርስቲያን ነው። ከአባቴ ጋር ግን ወንድማማች ማለት ናቸው፤ በየቀኑ በማለዳ ሱቃቸውን ይከፍቱና በማለዳ ይከራከራሉ። ቀጥሎ የሆነውን መጀመሪያ የሰማሁት ከእሱ ነው።

አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ስላለው ሙቀቱ አይቻልም። ሰብሳቢው ስለ ከተማ ውበት ረጅም ንግግር አደረገ። አባቴ ጀርባውን አቅንቶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ቀና እንዳደረገ ተኛ።

"እኔማ በተመስጦ የሚያዳምጥ መስሎኝ ነበር" አለኝ ልብስ ሰፊው። "እንዲያውም ከኔ ይበልጣል ብዬ አፈርኩ። ኋላ ላይ ግን ከአፍንጫው አንድ ድምፅ ወጣ።"

ሰብሳቢው ጨርሶ አስተያየት ያለው እጁን ያውጣ ሲል ልብስ ሰፊው በክርኑ ጎሸም አደረገው። አባቴ ዓይኑ ሳይገለጥ እጁ ወጣ። ማይክሮፎኑ መጣ። ተነሣ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሀገር ሁሉ አይቶታል። አባቴ ማይክሮፎኑን ከማን እንደተበደረው ማስታወስ እንዳቃተው ሰው ያየዋል። "አሰላሙ አለይኩም። ለሌሎቻችሁም ጤና ይስጥልኝ" ይላል። ዝም ይላል። ጣሪያውን ያያል። ኮፍያውን ሊያስተካክል እጁን ይሰድና የባሰ ያጣምመዋል። "እኔ…" ይላል፤ እንደገና ዝም። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ያሰበበትን ነገር እንደሚናገር ሰው፣ ቀስ ብሎ፣ በከባድ ድምፅ፦

"እስማማለሁ።"

ሊቀመጥ ጎንበስ ካለ በኋላ አንድ የረሳው ነገር እንዳለ ቀና ይልና ይጨምራል።

"በሁሉም።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አባቴን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ተአምር ነው፤ ለማያውቀው ደግሞ ያ አነጋገርና ያ ኮፍያ ይበቃዋል። እሱ ግን ጭብጨባው ሳያልቅ ተመልሶ ተኝቷል።

ኋላ ስጠይቀው "በዚህ ነገር አልስማማም ብዬ ልጀምር ነበር የተነሣሁት" አለኝ። "ሦስቱም ነጥብ ጠፋብኝ። ምላሴ ወደ ሌላ በኩል ዞረብኝ።"

ከኋላ ወንበር አንድ ወጣት በስልኩ ይቀርጽ ኖሯል። ያንኑ ቀን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ነገሩን ያወቅሁት ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ልብ አሠራር አስተምሬ ስጨርስ እንደ ልማዴ "ገብቷችኋል?" አልኩ። ከኋላ አንዱ ቀስ ብሎ፣ በከባድ ድምፅ፣ "እስማማለሁ" አለ። ሌላው ቀጠለና "በሁሉም" አለ። ክፍሉ ሳቀ። ድምፁ የማውቀው ድምፅ ነው፤ ከየት እንደማውቀው ግን አልመጣልኝም። ከክፍል ስወጣ አንዲት ተማሪ ተከትላኝ መጣች።

"ቲቸር፣ እንዳትቆጪን። ሁሉም ሰው እኮ ነው የሚለው" አለችና ስልኳን አሳየችኝ።

በረንዳው ላይ ቆሜ አባቴን አየሁት። ከሥሩ ሙዚቃ ተጨምሮበታል። "እስማማለሁ" ሲል ከበሮ ይመታል።

በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ደወለች። ሰላምታም አላስቀደመች።

"አባን አከራዬ ልካልኛለች" አለችኝ።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"የግቢውን በር ቁልፍ እንቀይር ወይ ብዬ በጽሑፍ ጠየቅኋት። መልሱ የአባ ፎቶ ነው። ኮፍያው ተጣሟል፤ ከሥሩ 'በሁሉም' ይላል። ልጁ መሆኔን አታውቅም። ምን ልበላት?"

"ቁልፉን ቀይሪ" አልኳት።

አባቴ ያለው ስልክ ቁልፍ የሚጫኑት፣ ከመደወልና ከመብራት በቀር ሥራ የሌለው ስልክ ስለሆነ እሱ ምንም አያውቅም። እኛም አልነገርነውም። እናቴ "ረመዳኑ ይውጣ፣ በጾም አናስቆጣው" አለች። ዒዱ አለፈ፤ አሁንም አልነገርነውም። እሱ ግን አንድ ነገር እየሸተተው ነበር። ሰዎች ሱቁ ይመጡና ነገር ይጠይቁታል፤ ከዚያ አፉን ያያሉ።

"ይሄ ሚስማር ጥሩ ነው፣ አይደል አባባ?"

"ጥሩስ አይደለም። የተሻለ ስለሌለ ነው።"

"ቆርቆሮ ግን ከሣር ክዳን ይሻላል። ይስማማሉ?"

"ለምኑ?"

ሰዎቹ ትንሽ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ቅር እያላቸው ይሄዳሉ። አባቴ ልብስ ሰፊውን "ሰው ምን ነካው? ሁሉም ሐሳቤን ይጠይቀኛል፤ ስነግረው ደግሞ ያዝናል" አለው። ልብስ ሰፊው የጨርቁን ጠርዝ በመቀስ እያስተካከለ፣ "ወላሂ እኔ ምንም አላውቅም" አለ። ምሎ ከዋሸባቸው ቀናት አንዱ ይህ መሆኑን እሱም አይክድም።

በመጨረሻ የነገሩት ሁለት መንገደኛ ልጃገረዶች ናቸው። ከደሴ አውቶቡስ ወርደው ሲያልፉ አዩትና ቆሙ፤ ተሳሳቁ፤ አብረው ፎቶ እንዲነሣ ጠየቁት።

"ለምን?" አላቸው።

"ታዋቂ ነዎት እኮ አባባ።"

"በምን?"

"በመስማማት" አሉት።

ሱቁን ዘግቶ ለምሳ ቤት መጣ። ቅዳሜ ስለነበር እኔም አለሁ። አልተቀመጠም። "በመስማማት ታውቀሃል የሚሉ ሰዎች መጥተውብኛል" አለ። "ይህ ነገር ምንድን ነው?"

እናቴ እጇን በነጠላዋ ጠራርጋ ስልኬን ተቀበለችኝና ከፈተችለት። እስከ መጨረሻው አየው። "ድገሚው" አላት። ደገመችለት። ሙዚቃው ሲመጣ ፊቱን አጨማደደ።

"ይሄ እኔ አይደለሁም" አለ።

"ኮፍያው የአንቱ ነው" አለችው።

"ኮፍያው የኔ ነው።"

"አጠገብዎ ያለው ልብስ ሰፊው ነው።"

"እሱም እሱ ነው።"

"ታዲያ አንቱስ?"

"እኔ እንዲህ አልልም" አለ አባቴ። "አብረሽኝ ስትኖሪ እንዲህ ስል ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ?"

እናቴ መልስ ለመስጠት አፏን ከፈተች፤ ሳቁ ቀደማት። መደቡ ላይ ተቀመጠች። "ይቺን ቃል" አለች እንባዋን እየጠረገች፣ "ይቺን ቃል ስጠብቅ አረጀሁ። ሀገር ሁሉ ሰምቶ፣ እኔ በመጨረሻ።"

አባቴ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ። ስሙን ሊያስመልስ ወስኖ ነበር።

ዕድሉም ቶሎ መጣለት። ቪዲዮ እየሠራ የሚለቅ አንድ ጎልማሳ ከደሴ ቃለ መጠይቅ ላድርግልዎ ብሎ መጣ። አባቴ አዲስ ኮት ለበሰ። ኮፍያውን እናቴ ቀጥ አድርጋ አስተካከለችለት። በሱቁ ደጃፍ ወንበር ተደርጎለት ስለ ቀለሙ ጉዳይ ሦስቱንም ነጥብ፣ እንቅልፉን፣ ጾሙን፣ የአዳራሹን ሙቀት አንድ በአንድ አስረዳ። እዚያው ቆሜ እሰማ ነበርና እውነቱን ለመናገር ጥሩ ተናገረ። ልብስ ሰፊውም ከበሩ ላይ ሆኖ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ጎልማሳው አመሰገነና ሄደ።

ቪዲዮው ሲወጣ ተሰብስበን አየነው። አባቴ በአዲሱ ኮት፣ በቀናው ኮፍያ ብቅ አለና "እስማማለሁ" አለ። አለቀ። "እስማማለሁ ያልኩት ተኝቼ ስለነበረ ነው" ከሚለው ውስጥ አንዷን ቃል ቆርጦ አወጣት። ከበሮው አለ።

"ሌላው የት ሄደ?" አለ አባቴ። ስልኩን ገልብጦ ጀርባውን አየው። "ያን ሁሉ የተናገርኩት የት ሄደ?"

በዚህ መሃል በሩ ተቀባ። ለነገሩ ቀድሞ "በሁሉም" የተስማማ እሱ ስለሆነ፣ የሱ በር ለሌሎቹ አርአያ እንዲሆን መጀመሪያ እንዲቀባ ተደረገ። ቀቢው አረንጓዴውን በር ሲፍቅ አባቴ አጠገቡ ቆሞ ቀለሙ ቀጥኗል፣ ብሩሹ ሸካራ ነው፣ ከላይ ነው መጀመር ያለብህ እያለ ዋለ። ሲያልቅ ራቅ ብሎ አየውና "ከሌሎቹ ሁሉ የሚያምረው የኛ ነው" አለኝ። በዚያን ሰዓት የተቀባው በር እሱ ብቻ ነበር።

ከቃለ መጠይቁ በኋላ አባቴ "እስማማለሁ" የሚለውን ቃል ጨርሶ ተወው። "ይሁን" ይላል፤ "እሺ" ይላል፤ በጣም ሲቸግረው ራሱን ወዘወዝ ያደርጋል። ታዋቂነቱ ግን አልተወውም። ከወረኢሉና ከደጎሎ ሳይቀር ለሠርግ ይጠሩት ጀመር። ከዘመድ በፊት ከፊት ያስቀምጡታል፤ ልጆች ከኋላው ሆነው ፎቶ ይነሣሉ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ እንደማይቆጣ አየሁ። "ሰው አክብሮ ሲጠራ ምን ይደረጋል" እያለ ጫማውን ያስጠርጋል።

አንድ ቀን የከተማችን የከብት ነጋዴ ሱቁ መጣ። ለልጁ አቀስታ ያለች ልጅ አስቦለታል። ልጁና ልጅቷም ይፈላለጋሉ። ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ አባቴን ከልብስ ሰፊውና ከልጁ አጎት ጋር እንዲሄድለት ይለምናል።

"ብዙ መናገር አይጠበቅብዎትም" አለው። "ንግግሩን ወንድሜ ያደርገዋል። ነገሩ ከረር ሲል ያችን ቃልዎን ጣል ያደርጉልናል። ሳቅ ይሆናል። ከተሳቀ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው።"

"ቁልፍ ሲጫኑኝ የምጮህ ራዲዮ መሰልኩህ?" አለው አባቴ።

ሄደ ግን። ሽማግሌ ሆኖ መላክ ያምረው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ልኮት አያውቅም፤ ለምን እንዳልላኩት መካነ ሰላም ውስጥ የማያውቅ የለም።

የአቀስታውን ነገር ከሁለቱም ሰምቼዋለሁ፤ ከልብስ ሰፊውም ከአባቴም። አባቴ የልብስ ሰፊውን አነጋገር ብዙ ቦታ ያርማል፤ እርማቶቹ ግን በወንበሩ አቀማመጥና በብርዱ መጠን ላይ ናቸው። በዋናው ነገር ላይ ልዩነት የላቸውም።

የልጅቷ አባት ቁርአን የሚያቀሩ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሸህ ናቸው። በደንብ ተቀበሏቸው፤ ብርዱ ስለሚያንገበግብ ሽማግሌዎቹን እሳቱ አጠገብ አስቀመጧቸው። ዱዓ ተደረገ። አጎትየው ጉሮሮውን ጠርጎ የመጡበትን ነገር አሳምሮ ተናገረ። ሸሁ እስኪጨርስ ሰሙት።

"ልጃችሁን አውቀዋለሁ፤ ጨዋ ነው" አሉ። "ልጄንም አልከለክልም። ግን የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ኢንሻአላህ ትጨርስና እንነጋገራለን።"

"ትዳር ይዛም ትማራለች" አለ አጎትየው። "ማን ይከለክላታል?"

"ማንም አይከለክላትም። ታላቅ እህቷንም እንዲሁ ብለው ነው የወሰዷት። ቦርሳዋ ይኸው እዚህ ነው።"

ግድግዳው ላይ የተማሪ ቦርሳ ተሰቅሏል። ሁሉም አዩት። አጎትየው ሌላ መንገድ ሞከረ፤ ስለ ልጁ ቤት ተናገረ፤ ስለ ዘመድ ተናገረ። ሸሁ ያንኑ መለሱ። ነገሩ ከረረ። አጎትየው ዞሮ አባቴን አየው። ልብስ ሰፊውም አየው። የቤቱ ልጆች በበሩ በኩል ስልካቸውን አውጥተው ይጠብቃሉ፤ ማን እንደመጣ ገና ከመኪናው ሲወርድ አውቀውታል።

አባቴ ቦርሳውን እያየ ቆየ። ኮፍያውን ነካ አደረገ።

"እስማማለሁ" አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሸሁም ፈገግ አሉ። አጎትየው ጭኑን እየመታ "ይኸው፣ አለቀ" አለ። አባቴ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

"ከሸሁ ጋር ነው የምስማማው" አለ።

አጎትየው የሳቀበት አፉ እንደተከፈተ ቀረ። "አንተ ሰውዬ፣ የማን ሽማግሌ ነህ?"

"የልጁ። ለልጁ ብዬ ነው። ያስጨረሳት ሰው ሆኖ ቢያገባት ነው የሚሻለው፤ ያስቆማት ሰው ከሚሆን። አንድ ዓመት ምን አላት? ቆርቆሮ እንኳ አዝዤ ከዚያ በላይ ጠብቄያለሁ።"

ማንም አልሳቀም። ሸሁ "አላህ ዕድሜህን ያርዝመው" አሉ። ከጓዳ አንዲት ሴት ሣህን ይዛ ብቅ አለችና አባቴ ፊት ሥጋ ጨመረች።

"ለሱ ብቻ" ይላል ልብስ ሰፊው እዚህ ላይ ሲደርስ። "እኔም እኮ ዝም ብዬ ተስማምቼ ነበር።"

ሲመለሱ አጎትየው ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም አንድ ቃል አልተነፈሰም። አባቴና ልብስ ሰፊው ግን መንገዱን ሙሉ ወንበሩ ወደ እሳቱ ነበር ወይስ ወደ በሩ እያሉ ሲከራከሩ መጡ።

በማግስቱ የከብት ነጋዴው ወደ አባቴ ሱቅ መጥቶ የሆዱን ተናገረ። አባቴ ደስ እያለው አዳመጠው፤ ከልብስ ሰፊው በቀር ለብዙ ጊዜ ማንም ተቃውሞት አያውቅም ነበርና ናፍቆታል መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ልጁ ራሱ መጣ። ከሱቁ ሰው እስኪወጣ ዳር ቆሞ ጠበቀ።

"አባባ" አለ፣ "እኔም ትጨርስ ብያቸው ነበር። ማንም አልሰማኝም።"

"አንተ ደግሞ አንዴ ብለህ ዝም ብለህ ይሆናል" አለው አባቴ። "እንዲህ ያለውን ነገር ደጋግመህ ነው የምትለው። ሰዉ ሲሰለቸው ይሰማሃል።"

የአቀስታ ልጆች የቀረጹትም ወጣ፤ ግን ብዙ ርቀት አልሄደም። መጀመሪያ ላይ ያስቃል፤ ቀጥሎ ግን ሰው ዝም ይላል፤ ከበሮ የሚገባበት ቦታ የለውም። በዚያ ላይ ሌላ ሰው መጥቶ ነበር። አንዲት ሴትዮ፣ ጋዜጠኛ ስለ ዝናቡ ሲጠይቃት፣ ስለ ምራቷ መለሰች፤ ሀገሩ ሁሉ የሷን ንግግር ይዞ ሄደ። ክፍል ውስጥ "ገብቷችኋል?" ስል አሁን የሚመልሱልኝ በሷ ድምፅ ሆነ። እህቴም አከራይዋ ፎቶውን መላክ እንዳቆመች ነገረችኝ። "የናፈቀኝ ይመስለኛል" አለች፣ "ኪራይ ስትጨምርብኝ እንኳ በአባ ፎቶ ነበር የምትነግረኝ።"

አባቴ መረሳቱን ያወቀው ዕቃ ሊያመጣ ደሴ በሄደ ጊዜ ነው። ሲመለስ ማታ እራቱን ምንም ሳይነቅፍ በላ። እናቴ ዓይን ዓይኑን አየችው።

"ከፋዎት እንዴ?"

"ምንም አልከፋኝ" አለ። "መናኸሪያው ጋ አንድ ሰው ትክ ብሎ አየኝ። አወቀኝ ብዬ ኮፍያዬን አስተካክዬ ቆምኩለት። ለካ ሰዓት ሊጠይቀኝ ነው።"

"ነገሩት?"

"ነገርኩት። ሰዓቴ ይዘገያል ብዬም ጨመርኩለት።"

ልጅቷ ትምህርቷን ጨረሰች። ሠርጉ ሲደረግ አባቴ ከሁለቱም ወገን ተጠራ፤ ከብት ነጋዴውም ቂሙን ረስቶ ራሱ መጥቶ ጠራው። አባቴ በድንኳኑ አተካከል ላይ ተቃውሞ እንደነበረው አስታውሳለሁ፤ ሰው ሁሉ ሥራ ስለበዛበት የሰማው አልነበረም። ሙሽራዋ በኋላ መካነ ሰላም ሥራ አገኘችና የጤና ጣቢያችን ነርስ ሆነች።

ባለፈው ዓመት አባቴ ራሱን ያዞረው ጀመርና ይዤው ሄድኩ። የደም ግፊቱን የለካችው እሷ ናት። እጁን አሥራ፣ ለክታ፣ ፈታችና ጻፈች።

"ከፍ ብሏል አባባ። ጨው መቀነስ አለብዎት።"

"ጨው አልበላም" አላት።

"ወጥ ላይ የሚጨምሩትን ነው የምልዎት።"

"እሱ ትንሽ ነው። ደግሞ መሣሪያው ሊሳሳት ይችላል። እጄን ያሰርሽበት ቦታም ትንሽ ወረድ ብሏል።"

ፈገግ አለችና እንደገና አሰረችው፤ እሱ ባሳያት ቦታ። ለካችና ቁጥሩን አዙራ አሳየችው። ከፊተኛው ትንሽ በልጧል።

"ስለተከራከርኩ ነው የጨመረው" አለ አባቴ።

"አብሽሩ፣ እሱንም ጽፌዋለሁ" አለችው። "ክርክርም ይቀንሱ።"

መድኃኒቱን ተቀበልን። ከግቢው ስንወጣ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ትቶ ወደ ከተማው ፋርማሲ አዞረኝ፤ እዚያም የመለኪያ መሣሪያ አላቸው። ያው ቁጥር ወጣ። አባቴ እጅጌውን ወደ ታች መለሰ።

"ሁለቱም መሣሪያ ከአንድ ቦታ ነው የተገዛው" አለኝ።